«አንተ! ስንት ትሰጣለህ?»

የአልዱባ ገበያ ማክሰኞ ነው። የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የጂንካ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ደግሞ ሰኞ። በደቡብ ኦሞ ዕለቱን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አያሻም፤ ሰዉ ወዴት እንደሚጎርፍ ማየት ይበቃል። እኔም በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሚጎርፈው ጋር ጎርፌ አልዱባ ገበያ መሃል ቆሜ ነበር። ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላ፣ ትንባሆ፣ የቡና ገለባ፣ ቅልና ዶቃ መሬት ላይ ተዘርግቷል። የበናው፣ የፀማዩ፣ ከደጋ የወረደው የአሪው ቋንቋ ከየአቅጣጫው ይሰማል። አንዱ የሌላውን የማያውቅ እንደሆነ ደግሞ መሃል ላይ አማርኛ ጣል ይደረጋል።

እናላችሁ፣ አንድ ማር የሚሸጥ ጎልማሳ ፊት ደረስኩ። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። ቦርኮቶው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ቦርኮቶ ማለት ሲቀመጡበት በርጩማ፣ ሲጋደሙ ትራስ የሚሆን፣ ወንዱ ከእጁ የማይለየው የእንጨት ዕቃ ነው። ጎንበስ ብዬ ማሩን ሳይ ቀና ብሎ ተመለከተኝና፣

«አንተ! ና! ማር ጥሩ ነው። ስንት ትሰጣለህ?» አለኝ።

አንተ!

እኔ ሃምሳዎቹ ውስጥ ከገባሁ ሰንበትበት ብያለሁ። ፀጉሬ ሸብቷል፤ መነጽሬ ወፍራም ነው። የሰፈሬ ጎረምሶች «ጋሼ» ይሉኛል። በቅርቡ እንዲያውም አንድ የታክሲ ረዳት «አባባ፣ ጠጋ ይበሉ» ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ሲከፋኝ ውሏል። «አንተ» ግን... ያውም ልጄ ሊሆን ከሚችል ሰው፣ ያውም በገበያ መሃል! ደሜ ፈላ ባልልም ለብ ማለቱን አልክድም።

አጠገቤ የነበረው የድሮ ተማሪዬ ፊቴን አይቶ ነገሩ ገባው። እሱ የዚሁ አካባቢ ልጅ፣ በና ነው። አሁን መምህር ሆኗል። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ጂንካ መምጣቴን ሰምቶ ፈልጎ ያገኘኝም፣ «ማክሰኞ አልዱባን ሳያዩማ አይሄዱም» ብሎ ይዞኝ የመጣውም እሱ ነው። ሳቅ አለና «ቆይ ቲቸር፣ በኋላ እነግርዎታለሁ» ብሎ ከማር ሻጩ ጋር በቋንቋቸው ወሬ ጀመረ። ማር ሻጩ ጥቂት አዳመጠና ብድግ ብሎ ቦርኮቶውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ። አገር ጎብኚ ሁሉ ቦርኮቶ ይዞ እንደሚመለስ ስለማውቅ «ገበያው ማር ብቻ አይደለም ለካ» ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አልገዛም!

ከዚያ በኋላ ነው በራሴ የሳቅሁት። ምክንያቱም እኔ ለዓመታት እንጀራ የበላሁት «ገጸ ባሕርይ በአነጋገሩ ይገለጣል» ብዬ እያስተማርኩ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኳት አላስታውስም። ፈተናም አድርጌያታለሁ፤ «በምሳሌ አስረዳ፤ 10 ነጥብ።» አሁን ታዲያ ሰውየው በአንዲት «አንተ» ተገለጠልኝ፤ ባለጌ ነው! አለቀ። መዝጊያው እንዲህ ቀላል ከሆነ እኔም፣ ተማሪዎቼም ምን አደከመን?

ነገሩማ የቆየ ነው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሆኖ ጌታውን «አላውቀውም» ሲል ያጋለጠው የገሊላ አነጋገሩ ነው። ከዚያም ብዙ ቀደም ብሎ በመጽሐፈ መሳፍንት የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ አንዲት ቃል ያስጠሩት ነበር፤ ሺቦሌት። «ሺ»ን «ሲ» ያደረጋት ኤፍሬማዊ ነውና እዚያው ይታረዳል። በዚያን ጊዜ የወደቀው ኤፍሬማዊ 42,000 እንደነበር ተጽፏል። እንግዲህ አነጋገር ሰውን ይገልጣል ስንል የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በእኛም አገር ሰው በየኬላው በአነጋገሩ የተለየበትን ጊዜ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ደግነቱ ልብ ወለድ ኬላ አይደለም። ወይም መሆን የለበትም።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ የመንደሩ ሰው በአንዲት ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ፣ እኔ ከትልልቆቹ እግር ሥር ነበርኩ። ፊታውራሪ መሸሻ አፋቸውን ሲከፍቱ ማንም ሳይነግረን እናውቃቸው ነበር። ጉዱ ካሳም እንደዚያው። አድጌ መጽሐፉን ሳነብ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሐዲስ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ታሪኩም የጎጃም ነው፤ ሰዎቹን እርስ በርስ የሚለያያቸው ግን የወንዝ ልዩነት ሳይሆን የማዕረግ ልዩነት ነው። በዚያ ዓለም ጌታው «አንተ» ሲል ጭሰኛው «እርስዎ» ይላል። በዚህች በአንዲት ተውላጠ ስም ውስጥ ርስቱም፣ ግብሩም፣ ጅራፉም አለ። ካሳ ዳምጤን «ጉዱ» ካሰኙት ነገሮች አንዱ ደግሞ ለማን ምን እንደሚባል አሳምሮ እያወቀ አለማለቱ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ነው፤ ማሽሞንሞን አቅቶት አይደለም።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ደግሞ ሌላ ነው። ዳኛቸው የደብረ ሲና ልጅ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ደራሲው ጣልቃ ገብቶ «እገሌ እንዲህ ያለ ሰው ነው» የሚለን ትንሽ ነው። ሰዎቹን ያነጋግራቸዋል፤ እኛ እናዳምጣለን። ባላባቷ ወይዘሮ አሰጋሽ የሚናገሩት አማርኛና ከተማና መጽሐፍ የቀመሰው አደፍርስ የሚናገረው አማርኛ አንድ ቋንቋ ነው፤ ግን አይገናኙም። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን «ከበደኝ» የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ከማንበብ ይልቅ መስማት የሚጠይቅ መጽሐፍ ነው።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት በሌሊቱ ሰዎች አፍ ጻፈው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ላወጣው መጽሐፍ ርዕስ ሲፈልግ የመዝገበ ቃላት አማርኛ አልፈለገም፤ አስመራዎች ከጣሊያንኛ ወስደው የራሳቸው ያደረጓትን፣ «በቃ፣ አለቀለት» የምትል ቃል አነሳ፤ «ኦሮማይ»። አንዲት የጎዳና ቃል የአንድን ዘመቻና የአንድን ፍቅር መጨረሻ ተሸከመች። ልብ በሉ፣ ስብሐት አድዋ አካባቢ ተወልዶ አፉን በትግርኛ የፈታ ሰው ነው። በዓሉ ኢሉባቦር ነው የተወለደው። ውቤ በረሃ የስብሐት የትውልድ መንደር አይደለም፤ አስመራም የበዓሉ አይደለችም። ሁለቱም በሰው አገር ተቀምጠው ሰው ሲናገር አዳመጡ። ጥሩ ጆሮ ያለው እንግዳ ይመስለኛል። ባለቤቱማ የራሱን ድምፅ የት ይሰማዋል?

ይህን ሁሉ አስተምሬያለሁ። ያላስተማርኩት የራሴን ነው።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት «ከ» የለም፤ «ተ» ነው። «ተቤት መጣሁ»፣ «ተዚያ ወዲህ»፣ «ተሱ ጋር»። «የሚመጣው» አንልም፤ «እሚመጣው» ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ካፌ ውስጥ «ተማን ጋር ነው እምንቀመጠው?» ብዬ ጠየቅሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። ግን እስከ ገና ድረስ «ተ» የምትባል ፊደል ከአፌ ጠፋች። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልቀጣኝም። በራሴ ጊዜ ነቅዬ ጣልኳት።

በዓመቱ ቤተሰብ ጥየቃ ስሄድ ለእናቴ ስለ ጉዞዬ አወራኋት፤ «ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን...» እያልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና ወደ ጎረቤታችን ዞራ፣

«ልጄ አማርኛ ተምሮ መጣ» አለች።

ጎረቤታችን ደግሞ ነገር የማያልፋቸው ሴት ነበሩ። «ቀድሞሳ በምን ነበር እሚያወራ?» አሉ።

ያን ቀን ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን እንደ ሌሎቹ እንዳልሳቀች ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ልጇ ያፈረው በ«ተ» አልነበረም። «ተ»ን ያስተማረችው እሷ ናት።

የቋንቋ ምሁራን እንዲህ ያለውን ልዩነት ብልሽት አይሉትም። ሀብተ ማርያም ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ አማርኛ የአካባቢ ልዩነቶች ባሳተሙት ጥናት የጎንደሩን፣ የጎጃሙን፣ የመንዝና የወሎውን፣ የአዲስ አበባውን አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጠው አይተዋቸዋል። ይህንንም አስተምር ነበር። ታዲያ «አደፍርስ»ን እያነበብኩ «ይሄ የገጠር አነጋገር እንዴት ውብ ነው!» ስል የምናገረው በየትኛው አማርኛ ነበር? በአዲስ አበባው። የአገሬን አነጋገር ለማድነቅ መጀመሪያ ከአፌ ማውጣት ነበረብኝ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌላውን ሕመም ያውቃል ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ «አደፍርስ»ን ድምፅ እያሰማን እናነብ ነበር። ከወደ ኋላ አንድ እጅ ተነሳ። ይሄው አሁን አልዱባ አጠገቤ የቆመው ተማሪዬ ነው። ከዚያ በፊት እጁን አንስቶ አያውቅም። «በል እስቲ» አልኩት። ጀመረ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው መስመር ላይ «ገና» የምትል ቃል ነበረች፤ ላልታ የምትነበበዋ፣ «ጊዜው አልደረሰም» ለማለት የምትገባዋ። እሱ አጠበቃት። በዓሉ ሆነች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም አስተማሪ አይደለሁ! የክፍሉን ሳቅ ማስቆም ሲገባኝ አንድ ጨመርኩበት። «አይዞህ አትቸኩል፣ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው።»

ሳቁ እጥፍ ሆነ። ልጁ ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበና ተቀመጠ። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁትም።

አሁን ሳስበው ልጁ የተሳሳተው ምን ላይ ነው? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» እና «ገና»፣ «አለ» እና «አለ» ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። እኛ ለይተን የምናነበው ከእናታችን ጡት ጋር ስለጠባነው እንጂ ወረቀቱ ነግሮን አይደለም። ልጁ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያነበበው። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ባለማወቁ ሳቅንበት።

በዓመቱ መጨረሻ ያቺን የ10 ነጥብ ጥያቄ ፈተና ላይ አወጣኋት፤ «ገጸ ባሕርይ በአነጋገሩ እንዴት ይገለጣል?» የሁሉም መልስ የእኔው ማስታወሻ ግልባጭ ነበር። የእሱ ግን ማስታወሻዬን በደንብ ካስቀመጠ በኋላ መጨረሻ ላይ የራሱን ጨምሯል። ቃል በቃል ባላስታውሰውም ሐሳቡ አይጠፋኝም። አንድ ሰው ሲናገር የሚገለጠው ተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ የሚሰማውም ሰው ይገለጣል የሚል ነበር።

በቀይ እስክሪብቶ «ከጥያቄው ወጥተሃል» ብዬ ጻፍኩበት። 8 ከ10።

እንግዲህ ያቺ ሁለት ነጥብ ናት ከብዙ ዓመት በኋላ አልዱባ ድረስ ተከትላኝ የመጣችው። ምክንያቱም ልጁ ከጥያቄው አልወጣም ነበር፤ እኔ ነኝ ወደ ጥያቄው ያልገባሁት። እስቲ ከላይ ያነሳኋቸውን መጻሕፍት እንደገና እዩዋቸው። ጭሰኛው «እርስዎ» ሲል የሚገለጠው ጭሰኛው ነው ወይስ ያን ካልተባለ የማይሰማው ጌታ? ጴጥሮስን በአነጋገሩ ያወቁት ሰዎችስ ስለ ራሳቸው ምንም አልነገሩንም?

በየቴሌቪዥን ድራማው፣ በየኮሜዲው የምናየው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዘበኛ ሲያስፈልግ አንድ የገጠር አነጋገር ይመጣል። ነጋዴ ሲያስፈልግ ሌላ። የቤት ሠራተኛ ከሆነች ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት እያደረገች ታስቀናለች። ሰዎቹ ምን ያስባሉ፣ ምን ይፈራሉ፣ ማንን ይወዳሉ፣ አይነገረንም። አነጋገራቸው ጠባያቸውን እንዲገልጥ ሳይሆን ጠባይ እንዳያስፈልጋቸው ነው የተሰጣቸው። ልብ ወለድና ኬላ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም አንዲት ቃል ያስጠሩና ሰውየውን ጨርሰው ያውቁታል።

ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣው «ሃክልቤሪ ፊን» መግቢያ ላይ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የአነጋገር ዓይነቶች ብዙ እንደሆኑና በጥንቃቄ እንደተለዩ ለአንባቢው አሳስቧል። ከባርነት ያመለጠው ጂም የሚናገረው እንግሊዝኛ የተማረ ሰው እንግሊዝኛ አይደለም። ነገር ግን ከልጁ ጋር በታንኳ ሲሄዱ ጂም ሲናገር እየሰማን ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ልቡ የቀናው እሱ መሆኑን እንረዳለን። አነጋገሩ አልከለለውም። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን «ይህን ሰው በአማርኛ በየትኛው አገር አነጋገር ትተረጉሙታላችሁ?» ብዬ ጠይቄ ክፍሉ ሊጣላ ደርሶ ነበር። የመረጥነው አገር ሁሉ ስለ ጂም ሳይሆን ስለ እኛ ተናገረ።

እዚሁ ደቡብ ኦሞን ካነሳን ፍቅረማርቆስ ደስታን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ብዙዎቻችን ሐመርን ያወቅነው በ«ከቡስካ በስተጀርባ» እና በ«ኢቫንጋዲ» ነው። ሐመርና በና የሚናገሩት ቋንቋ እጅግ የተቀራረበ ነው። ፍቅረማርቆስ ሐመሮቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ የገበያ አማርኛ አልሰጣቸውም፤ በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚያወሩትና ሙሉ አማርኛ ሰጣቸው፤ የማይተረጎመውን ቃል ደግሞ እንዳለ ተወላቸው። ኢቫንጋዲ ኢቫንጋዲ ነው፤ የወጣቶቹ የሌሊት ጭፈራ። ስለ መጽሐፎቹ ብዙ ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ በዚህች ነገር ግን ትክክል ነው እላለሁ። ሰው በቤቱ ጎዶሎ ቋንቋ አይናገርም።

ወደ ገበያችን እንመለስ። ፀሐዩ ከረር ሲል ከተማሪዬ ጋር አንድ ጥላ ሥር አረፍን። እስከዚያ ድረስ እሱን ሳይ ነበር። ከአንዱ ጋር በበንኛ ይስቃል፣ ከሌላው ጋር በፀማይኛ ይከራከራል፣ ከአሪ የመጡትን ሴቶች በቋንቋቸው ሰላም ይላል። አንድ ነገር ሲናገር ሰዉ ከት ብሎ ይስቃል። ያ ዓመት ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ለካ ተረበኛ ኖሯል!

«ቲቸር፣ ‹አንተ› አለኝ ብለው ተቀየሙ አይደል?» አለኝ።

«እንዴ! ለምን እቀየማለሁ?» አልኩ። ውሸቴን ነው።

«ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት አልገባም። አማርኛ ያስተማረው መንገዱና ገበያው ነው። ሾፌሩ ‹አንተ፣ ውረድ!› ይለዋል። ፖሊሱ ‹አንተ፣ ቁም!› ይለዋል። ነጋዴው ‹ና! ስንት ነው? ቀንስ!› ይለዋል። ፈረንጅ ይዞ የሚመጣው ‹አንተ፣ ወደዚህ ዙር፣ ፎቶ!› ይለዋል። ‹እርስዎ› ብሎ ያናገረው ሰው የለም። ያልሰማውን ከየት ያምጣው?»

ዝም አልኩ።

«አንተስ?» አልኩት ቆይቼ።

«እኔማ ‹እርስዎ›ን ያገኘሁት መጽሐፍ ውስጥ ነው» ብሎ ሳቀ። «ከተማ ስገባ ለማን ‹አንተ› እንደሚባል ስለማላውቅ ለሁሉም ‹እርስዎ› እል ነበር፤ ለሊስትሮውም ሳይቀር። ሰዎች ‹እንዴት ያለ ትሁት ልጅ ነው› አሉኝ። ትህትና አልነበረም ቲቸር፤ ፍርሃት ነው።»

ሁለት «አንተ»ና «እርስዎ»፣ ሁለቱም ያሳሳቱን! አንዱን ባለጌ አልነው፣ ሌላውን ትሁት። የአንዱም ጠባይ እዚያ ውስጥ አልነበረም። የማር ሻጩ አማርኛ ስለ ማር ሻጩ የሚነግረኝ ጥቂት ነው፤ ስለ እኛ የሚነግረኝ ግን ብዙ ነው። አማርኛ ወደዚህ አገር የወረደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከአጼ ምኒልክ ጦር ጋር ነው። ያኔ መጀመሪያ የተሰሙት ቃላት ምን ምን እንደሆኑ መገመት አይከብድም። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተለወጠ፣ ስንት ነገር ተሻሻለ። ገበያው ላይ የቀረው አማርኛ ግን ዛሬም አብዛኛው ትዕዛዝ ነው። እንደ ገደል ማሚቶ ያልነውን መልሶ አለን፤ እኛም በማሚቶው ተቆጣን።

«እና በቋንቋችሁ ምን ሲልህ ነበር?» አልኩት።

«‹ሰውየው ማነው?› አለኝ። ‹አስተማሪዬ ነው› አልኩት። ‹አስተማሪህን ምነው ታቆመዋለህ?› ብሎ ተቆጣኝ። ቦርኮቶውን አንስቶ ሰጠዎት፤ እርስዎ ‹አልፈልግም› አሉት።»

ለመናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ የባሰው ትዝ አለኝ። «ያን ጊዜ... ክፍል ውስጥ... ያቺ ንባብ...»

«ገና?» አለኝ ፈጥኖ። አላልቶ፣ አሳምሮ። «ቲቸር፣ እስከ ዛሬ ‹ገና› የምትል ቃል ሳይ መጀመሪያ ቆም እላለሁ። ተማሪዎቼ አንድ ቃል ባጠበቁ ቁጥር ደግሞ እርስዎ ትዝ ይሉኛል።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«ምንም። ዝም ብዬ እሰማቸዋለሁ።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ቲቸር፣ የድሮ ነገር» አለኝ። ደህና ይቅርታ እንዳላደረግሁ ይሰማኛል፤ በአዲስ አበባ አማርኛ ይቅርታ መጠየቅ ይቀላል፤ ብዙ የተዘጋጀ ቃል አለው። በእናቴ አማርኛ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ይከብደኝ፣ ይበልጥም እውነት ይሆን ነበር።

ልንሄድ ስንል ወደ ማር ሻጩ ተመለስኩ። ማሩን አመልክቼ «ይቅርታ፣ ስንት ይላሉ?» አልኩት።

ልጁ ግራ ገብቶት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሌላ ሰው ያናገርኩ መሰለው። ተማሪዬ በቋንቋቸው ነገሩን አስረዳው፤ ረጅም ማብራሪያ ነበር። ልጁ አዳመጠ፣ እኔን አየ፣ እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ፊቱ በራ። ቀጥ ብሎ ቆመና፣

«እርስዎ! ስንት ትሰጣለህ?» አለኝ።

ሦስታችንም ሳቅን። ይሄኛው ሳቅ እንደዚያ ክፍል ሳቅ አልነበረም፤ ጀማሪው እሱ ራሱ ነው።

«ቲቸር፣ ከ10 ስንት ይሰጡታል?» አለኝ ተማሪዬ።

«10» አልኩ።

ማሩን ገዛሁት። ቀደም ብሎ «አንተ» ሲለኝ ከጠራው ዋጋ ላይ 20 ብር ጨምሮበታል። አልተከራከርኩም። እኛ አገር «እርስዎ» በነፃ ተሰጥቶ ያውቃል?